የአባዬ ጥቁር በቅሎ

የካቲት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሐጂ ጀላል የአባዬን መኪና ሊገዙ ከወረታ መጡ። ቁሐር ሚካኤልን ሊሳለም የወጣው ሰው በደጃችን ያልፍ ነበር። አንገቱን ወደ ግቢያችን ሳያዞር ያለፈ አንድም አልነበረም።

አጎቴ አያልነህ የግቢውን በር ይዞ ቆሟል። አባዬ ከሞቱ ጀምሮ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤቱን የያዘው እርሱ ነው። ሻንጣዬን ከማታ አስሮ አስቀምጦታል።

«ዛሬ መኪናዋ ትሸጣለች» ብሎኛል። «ሐጂ ወደ ባሕር ዳር ይዘዋት ይሄዳሉ፤ እኔና አንቺም በእርሷው እንሄዳለን፤ ከዚያ አዲስ አበባ። እዚህ ማን አለሽ?»

ማን እንዳለኝ ያውቃል። የጠየቀኝም ስለሚያውቅ ነው።

«አርባቸው ሳይወጣ?» አለች ገላነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ። ገላነሽ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ የቤታችን ሰው ናት። አጎቴንም በልጅነቱ አዝላዋለች፤ ስለዚህ አትፈራውም። «የወንድሙ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ንብረት የሚሸጥ ሰው፣ በእናንተ በአዲስ አበባ ምን ይባላል?»

«ብልህ ይባላል። የገበሬ ማኅበሩ ሳይወስዳት ነው የምሸጣት። ማን እንዳጋለጣት ደግሞ እመቤትሽን ጠይቂያት።»

ገላነሽ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ያጋለጣት አለኸኝ ነው። መሄዴም መቅረቴም በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ እርሱን ግን ከአባዬ ለቅሶ ወዲህ ማመን አቅቶኛል። የማያምኑትን ሰው መናፈቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

አለኸኝ የአባዬ የፊታውራሪ መንግሥቴ ሾፌር ነበር። አባቱ አቶ ቢሻው የእኛ ጭሰኛ ነበሩ፤ የመሬት አዋጁ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኑ። ድሮ እኛ ከላይ ነበርን፣ ኋላ እነርሱ ከላይ ሆኑ፤ በመካከላችን ያለው ወንዝ ግን አልጎደለም።

መኪናዋን አባዬ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ነው የገዟት። ጥቁር ካዲላክ ናት፤ ከእኛ አዳራሽ የምትረዝም። ለፋሲካ ጎንደር ወሰደችን። አንድ ጊዜ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ስንሄድ ጭቃ ያዛት፤ በበሬ ተጎትታ ወጣች፤ አባዬም ከኋላ ወንበራቸው ሳይወርዱ በሬዎቹን በስማቸው ሲጠሩ አስታውሳለሁ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። አባዬ መኪናዋን በበሬዎቹ በረት ውስጥ ከግንድ ላይ አሰቀሏት፤ ጎማዋ መሬት አይነካም። በላይዋ የጤፍ ጭድ ተከመረ። ሰባት ዓመት እንደዚያ ኖረች።

ሞተር ካልተነሣ ይታመማል ብሎ አለኸኝ በየወሩ ይመጣ ነበር። በዚያን ጊዜ በወረታ የሐጂ ጀላልን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬውን፣ ይነዳል። ቀኑን የመረጡት አባዬ ናቸው፤ ወር በገባ በ12፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሚካኤል ከበሮ ሲመታ። ከበሮው የሞተሩን ድምፅ ይሸፍነዋል። ሚካኤል ይቅር ይበለንና፣ እኛ በበረት ውስጥ የራሳችንን ማሕሌት እንቆም ነበር።

እኔ ፋኖስ እይዝለት ነበር። መጀመሪያ ፋኖስ ብቻ ነበር። ከበሮው ሲያበቃ እርሱም ቶሎ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ለትንሽ ጊዜ ጆሯችን ምንም አይሰማም። በዚያች ትንሽ ዝምታ ውስጥ ነው እጄን የያዘኝ።

«በዚች መኪና ስንሄድ እኮ አይቼሽ አላውቅም» አለኝ አንድ ቀን።

«መስታወት አልነበረህም?»

«በመስታወቱ የምትታየኝ የጌታዬ ልጅ ናት። አንቺን ለማየት መዞር ነበረብኝ። ሾፌር ደግሞ አይዞርም።»

በሰው ፊት «እርስዎ» ይለኝ ነበር፤ በበረት «አንቺ»። ከሁለቱ የትኛው እውነተኛው አለኸኝ እንደሆነ በዚያን ጊዜ አልጠራጠርም ነበር።

አባዬ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሞቱ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎው ትጫናለች። ካባው በኮርቻዋ ላይ ይደረጋል፤ በለቅሶው ሜዳ ባዶዋን እየተሳበች ትዞራለች። ማንም አይወጣባትም። በሟች በቅሎ ላይ የወጣ ሰው ሟቹን የናቀ፣ ቤቱንም «ወረስኩ» ያለ ነው። የአባዬ በቅሎ ግን ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ ያለ በቅሎ እናለቅስ ነበር።

አልቃሿ ስማቸውን ጠርታ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ሲዞር፣ ከግቢያችን በኩል ድምፅ መጣ። ዘወር አልሁ። ጥቁሯ መኪና ጭድ እያራገፈች፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ሜዳው ገባች። መሪውን የያዘው አለኸኝ ነው።

የሚዞረው ሕዝብ ቆመ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ውይ! በላያቸው ወጣ! የጭሰኛ ልጅ ፊታውራሪን ጋለባቸው!»

ከዚያ ወዲያ የሚሰማ አልነበረም። ጓል ተወረወረ፤ የአባዬ ዘመዶች በሩን ከፍተው በኮሌታው ጎትተው አወጡት። አልታገላቸውም። እኔን ብቻ አየኝ። አንድ ነገር ሊነግረኝ የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን እኔ የማየው ሌላ ነበር። ከሕዝቡ ጠርዝ ከወረዳው ሰዎች ጋር አቶ ቢሻው ቆመዋል። ጥርሳቸው ይታያል። የሳቁ መሰለኝ።

ማታ ዘመዶቻችን መኪናዋን ገፍተው ወደ በረቷና ወደ ግንዶቿ መለሷት። በነጋታው አቶ ቢሻው መጥተው «መኪናዋ ለማኅበሩ ሥራ ትግባ የሚል አሳብ አለ፤ ስብሰባ እንጠራለን» አሉን። አጎቴ ሸኝቷቸው ሲመለስ በጆሮዬ፣ «አየሽ? ልጁ አወጣት፣ አባቱ ይወርሳታል። ሰባት ዓመት የመጣው ለማን መሰለሽ?» አለኝ።

ያን ሌሊት ያን ሁሉ የወር 12 ጎሕ አንድ በአንድ እያነሣሁ አገላበጥኋቸው። በየትኛውም ቀን ላይ እጁን ሳይሆን ዓይኑን ፈለግሁ፤ ወደ እኔ ነበር ወይስ ወደ መኪናዋ? ላስታውሰው አልቻልሁም።

እንግዲህ ሐጂ ጀላል በዚያ ዓርብ በረቱ ውስጥ ቆመዋል። ፕላስቲኩ ገና ያልተነሣለትን ወንበር በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጎንበስ ብለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጭ ጀለቢያቸው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ይኸ ቁጥር ውሸት ነው።»

«የፊታውራሪን ቤት ነው ውሸታም የሚሉት?» አለ አጎቴ።

«ቤቱን ምን አልኩ? ቁጥሩን ነው። ይኸን ያህል መንገድማ ኤንትሬዬ በአንድ በጋ ትጨርሰዋለች። ወይ አንድ ሰው ቁጥሩን መልሶታል፣ ወይ አንድ ነገር አለባት። ሳይሠራ የኖረ ነገር ያስፈራኛል፤ ለልጆቼም የምላቸው ይኸንኑ ነው።»

«ለሙሽራ ሊያከራዩዋት አይደል? ሙሽራ ቆጣሪ አያይም።»

«የሙሽራ አባት ያያል። ኮፈኑን ይክፈቱልኝ። ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ሆዷን ልይ።»

ኮፈኑ ተከፈተ። ሐጂ ጀላል አንገታቸውን አስገብተው ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል።

«ካንዴላዎቹ የሉም።»

«ምን?»

«እሳት የሚሰጡት ናቸው፤ ያለ እነርሱ አትነሣም። አንድም አልቀረም፤ ሁሉም ተፈትተዋል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ...» ጎንበስ አሉ። «ተወትፈዋል። አቧራ እንዳይገባ በንጹሕ ጨርቅ። ይኸ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ሌባ መቼ ነው ለሰረቀው ቤት በር የሚዘጋ?»

ጨርቁን አየሁት። ቀይ ጥለት ነበረበት። አንድ ጎሕ ላይ የጋለው የፋኖሱ ብርጭቆ እጄን ሲያቃጥለኝ፣ ከራሴ ነጠላ ቀዶ የጠቀለለልኝ ነበር። ቁስሉ ሲድን መልሼ ሰጥቼው «ጣለው» ብዬዋለሁ። አልጣለውም።

ሌላ ሴት ብትሆን ይኸ ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ የእኔን ጨርቅ ለተንኮሉ ተጠቀመበት።

«አለኸኝ ነው» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«የኔ አለኸኝ?» አሉ ሐጂ ጀላል። «እርሱ እኮ ነው ይዞኝ የመጣው። ከመንገዱ ዳር ኤንትሬው ውስጥ ተቀምጧል። ‹ግቢውን አልረግጥም› ቢለኝ ምን ሆኖ ነው ብዬ ነበር።»

ተጠራ። መጣ። ለአባዬ ሲነዳ የሚለብሰውን የሾፌር ካፖርቱን ለብሷል። በለቅሶው ቀን የተወረወረበት ጓል ግንባሩ ላይ የተወውን ጠባሳ አየሁ፤ ዓይኔንም አሸሸሁ።

«አንተ ሌባ!» አለ አጎቴ። «ካንዴላው የት አለ?»

አለኸኝ ከካፖርቱ ኪስ ቋጠሮ አውጥቶ በሞተሩ ላይ አስቀመጠ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

«አልሰረቅሁም። እኔ ጋ ነበሩ።»

«ሌባ ሁሉ የሰረቀው እርሱ ጋ ነው የሚገኘው።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ሐጂ ጀላል። ጣታቸውን አነሡ። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ። ይቺ መኪና ሰባት ዓመት ተሰቅላ ባትሪ ከየት አመጣች?»

አለኸኝ አቀረቀረ። «በየወሩ በ12 ከኤንትሬው አንዱን ፈትቼ አመጣ ነበር።»

«በ13 ኤንትሬዬ አልነሣ እያለች በሰው የምትገፋው...»

«እዚህ ደክሞ ስለሚመለስ ነው፣ ሐጂ።»

«አላህ ይይልህ! እኔ ጂን ይዟት መስሎኝ በየወሩ በ13 ሰደቃ ስሰጥ ኖርኩ! የወረታ ድሀ ሁሉ ቀኑን እየጠበቀ በደጄ ይሰለፋል!» ሳቁ፤ ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «በሉ፣ ቁጥሩ እውነት ነው። አመንኩ።»

እኔ ግን ገና አላመንሁም። 

«ለምን አወጣሃት?» አልሁት። «በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ፊታውራሪ አዘውኝ ነው፣ እሜቴ።»

«ሙት አይመሰክር!» አለ አጎቴ።

«‹በቅሎዬ የለችም› አሉኝ። ‹ያለ በቅሎ አታልቅሱልኝ፤ ያቺን ጥቁሯን አውጣልኝ። ተደብቃ ኖራ ተደብቃ አትቅር› አሉኝ። ለእርስዎ እንዳልነግርም አስማሉኝ፤ ‹ትፈራለች፣ ትከለክልሃለች› ብለው።»

«በላይዋ እንድትወጣስ አዘዙህ?»

ይኸን ስጠይቀው ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር።

«ሰዎች ለመንሁ፤ ባዶዋን እንዲገፏት። ማን ይንካት? የወረዳው ሰዎች ቆመዋል፤ የነካት ሁሉ ስሙ ይያዛል ብለው ሸሹኝ። በቅሎ ልጓም አላት፣ ከፊቷ ሆነው ይስቧታል። ይቺን ከፊት ካልተቀመጡ በምን ትሳባለች? እኔ የተቀመጥሁት ከአሽከሩ ቦታ ነው። የእርሳቸው ቦታ ከኋላ ነው። ካባቸውን ከኋላ ወንበር ዘርግቼው ነበር። አንድም ሰው ወደ ኋላ አላየም።»

«ካባውን ከየት አመጣኸው?» አለ አጎቴ። «ያም ተሰርቆ ነው?»

«ከእኔ!» አለች ገላነሽ። በበረቱ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። «ካባው በእኔ ሣጥን፣ ቁልፉ በእኔ ወገብ። ካልሰጠሁት እንዴት አገኘው? ይኸን አንድ ሰው እንኳ ያስበዋል ብዬ ስጠብቅ ሰነበትሁ። አንድ አፍ ሆናችሁ ስትጮኹ ለማን ልናገር? አንቺስ ብነግርሽ ‹የማያገባሽን› አትይኝም ነበር?»

እል ነበር።

«ካንዴላውስ?» አልሁት። ድምፄ ወርዷል።

«አባቴ ለማኅበሩ ሊወስዷት ነበር። የማትነሣ መኪና ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ሌሊት ገብቼ ፈታሁት።»

 ሐጂ ጀላል ሰዓታቸውን አዩ፤ ጁምዓ ሊደርስባቸው ነው። አጎቴ ቋጠሮውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ አለኸኝ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኸ ግማሹ ነው» አለ። «ግማሹ ሌላ ነው። በእርሷ አሳፍረው ሊወስዱሽ እንደሆነ ሰማሁ። ሰባት ዓመት እንዳትሞት ያቆየኋት መኪና አንቺን ይዛብኝ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ሌባ ካላችሁኝ ለዚህ በሉኝ።»

«አንቺ አላት!» አለ አጎቴ።

«ሰማነው» አለች ገላነሽ።

አለኸኝ መልስ አልጠበቀም። ቋጠሮውን ፈታና ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። ከየቀዳዳው ያወጣውን ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ባትሪውን ከኤንትሬው አምጥቶ አሰረ፣ በክሪክ አንሥቶ ግንዶቹን አወጣ። ማንም አላገዘውም፤ ማንም አላቆመውም። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያለምንም ልመና ተነሣ።

ያለ ከበሮ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲህ ለስላሳ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በፍርሃት ነበር የምሰማት።

ከመኪናዋ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና ከጎኑ ቆመ፤ ልክ አባዬ በሕይወት ሳሉ እንደሚቆመው።

«ይግቡ፣ እሜቴ» አለኝ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

አጎቴ ሻንጣዬን ከኋላ ወንበር ወረወረው። ሁሉም እኔን ያየኛል። ከኋላው ወንበር ላይ ሆኜ በመስታወት የማየው አንድ ግንባር ታየኝ፤ ጠባሳ ያለበት፣ የማይዞር። አዲስ አበባ ድረስ የሚከተለኝ እርሱ ብቻ እንደሚሆን አወቅሁ። እግሬ ግን ወደዚያ በር አልሄደም።

«ሐጂ» አልኋቸው፤ «መኪናዋ የእርስዎ ከመሆኗ በፊት አንድ ጊዜ ላውጣት።»

«አውጪያት፣ ልጄ። ጁምዓ እንዳታስቀሪኝ እንጂ።»

«ገላነሽ፣ ካባውን አምጪ።»

ገላነሽ እየሮጠች ሄደች። በዚያ ዕድሜዋ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ካባውን ከኋላው ወንበር እንደ ሰው አድርገን ዘረጋነው። ሻንጣዬን አውጥቼ መሬት አስቀመጥሁት። ከዚያ ዞሬ የፊተኛውን በር ከፈትሁ። በሕይወቴ ያን በር ከፍቼ አላውቅም።

«ጸሐይነሽ!» አለ አጎቴ። «የት ልትቀመጪ ነው?»

«ከአሽከሩ ጎን፣ ጋሼ። የአባዬ ቦታ ከኋላ ነው።»

አለኸኝ መሪውን ይዞ ቆየ። 

«ወዴት ልንዳት?» አለኝ።

«የለቅሶውን ሜዳ ዙርልኝ። ቀስ አድርገህ፣ እንደ በቅሎ።»

ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሚካኤል ተሳልሞ የሚመለሰው ሰው ቆመ። በዚህ ጊዜ የበሮቿ መስታወት ክፍት ስለሆነ ካባው ለሁሉም ይታያል። ገላነሽ ከኋላችን በእግሯ እየተከተለች የአባዬን ስም ጠርታ ሙሾዋን አወጣች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ ሌላው። ያኔ «በላያቸው ወጣ» ብላ የጮኸችው ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን መምታት ስትጀምር አየኋት።

አቶ ቢሻው ከዋርካው ሥር ቆመዋል። ስናልፍ በቅርብ አየኋቸው። ጥርሳቸው ይታያል፤ ጉንጫቸው ርሷል። ያን ቀን ስቀው ይሁን አልቅሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሁለቱም ጥርሳቸው ይታያል። አልጠየቅኋቸውም። ጥቂት እርምጃ አብረውን ሄዱ፤ እጃቸውንም በኮፈኗ ላይ እንደ ልጓም ያዥ አሳርፈው ነበር።

ዙሩን ስንጨርስ አለኸኝ ሞተሩን አጠፋ። ያ የማውቀው ትንሽ ዝምታ መጣ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ፊቱን ከመስታወቱ አዞረና በቀጥታ አየኝ።

«አሁን አየሁሽ» አለኝ።

አጎቴ በዚያው ቀን ከኋላ ወንበር ብቻውን ተቀምጦ ከሐጂ ጀላል ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄደ። እኔ ቀርቼ አለኸኝን አገባሁ። እርሱም በ1981 ዓ.ም. ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲያመላልስ ተይዞ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አስከሬኑም አልመጣም። ለቅሶውን በዚያው ሜዳ አለቀስንለት። በቅሎ አልነበረውም፤ የሾፌር ካፖርቱን ልጃችን ይርገዱ በክንዷ ይዛ ዞረች።